ከባልቲሞር ናሶ፦ እናታችሁን ይዛችሁ ክሩዝ ከመውጣታችሁ በፊት

ሰላም ወዳጆቼ፣ ባለፈው ነሐሴ እማዬን፣ ባለቤቴንና ሁለቱን ልጆቼን ይዤ ክሩዝ (የመርከብ ሽርሽር) ወጥቼ ከተመለስኩ ጀምሮ ስልኬ አላረፈም። ፎቶውን ያየ ሁሉ ይደውላል፤ ስንት ፈጀባችሁ፣ ምግቡ እንዴት ነው፣ ጾም አልነበረም ወይ፣ እማማን አላዞራቸውም ወይ፣ ግሪን ካርድ ብቻ ያለው ሰው መውጣት ይችላል ወይ። ለአንዱ የነገርኩትን ለሌላው እየረሳሁ ስልክ ስለምዘጋ በቃ ቁጭ ብዬ ልጻፈው አልኩ። የምንኖረው ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፣ ስራዬ ነርስ ነው፣ ስለ መድሃኒትና ስለ እጅ መታጠብ ካበዛሁ ከዛ ነው።

መጀመሪያ ለምን ክሩዝ እንደመረጥን ልንገራችሁ። እማዬ 71 ዓመቷ ነው፣ እዚህ ከመጣች ሰባተኛ ዓመቷን ይዛለች። በየሰመሩ አንድ ቦታ ይዘናት እንሄዳለን፣ አንዴ ኦሽን ሲቲ ባህሩ አጠገብ ቤት ተከራይተን ነበር። ሽሮዋን በርበሬዋን ጭና መጣች፣ እኛ አሸዋው ላይ ስንጋደም እሷ ሳምንቱን ሙሉ ምድጃ ስር ቆማ ከረመች። ተይ እንጂ እማዬ ስንላት "ታዲያ ምን ልትበሉ ነው?" ነው መልሷ። መርከብ ላይ ግን ምድጃ የለም፣ ብትፈልግም አታገኝም፣ አልጋዋን እንኳን ቁርስ በልታ እስክትመለስ ሌላ ሰው አንጥፎት ይቆያል። ለኔ የክሩዝ ትልቁ ነገር ይሄ ነው። መዋኛው ምናምኑ ለልጆቹ ጥሩ ነው፣ እኔ ግን እናቴ ሰባት ቀን ሙሉ ተቀምጣ ስትበላ ያየሁት እዛ ነው። ብቻ ይሄ እንዲሆን ስራው ሁሉ ከመሳፈራችሁ በፊት ማለቅ አለበት፣ ባህር መሃል ከገባችሁ በኋላ የምታስተካክሉት ነገር የለም ማለት ይቻላል።

ከሁሉም በፊት ወረቀት። ከአሜሪካ ወደብ ተነስቶ እዛው ወደብ በሚመለስ ክሩዝ ላይ የአሜሪካ ዜጋ የሆነ ሰው በበርዝ ሰርተፊኬትና በመንግስት መታወቂያ መሳፈር ይችላል፣ በኋላ ዜግነት ያገኘ ሰው ደሞ በዜግነት ሰርተፊኬቱና በመታወቂያው፣ ከ16 ዓመት በታች ያሉ ዜጋ ልጆች በበርዝ ሰርተፊኬት ብቻ ይሄዳሉ። ህጉ እንደዛ ነው፣ እኔ ግን ለሁሉም ፓስፖርት አውጡ ነው የምለው፣ ምክንያቱም ናሶ (የባሃማስ ዋና ከተማ ናት) ላይ መርከቡ ጥሏችሁ ቢሄድ ወይ ከመሃላችሁ አንዱ ታሞ ሆስፒታል ቢቀር በፕሌን መመለስ ይመጣል፣ ፕሌን ላይ ደሞ በርዝ ሰርተፊኬት አያሳፍርም። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ግሪን ካርዱንም የአገሩን ፓስፖርትም ይያዝ፣ ሁለቱንም ኦሪጅናሉን፣ ኮፒ አይሰራም። ባሃማስ ግሪን ካርድ ያለውን ሰው ለአጭር ጉብኝት ያለ ቪዛ ታስገባለች፣ ሜክሲኮም እንደዛው፣ ግን ካሪቢያን ውስጥ እያንዳንዱ ደሴት የራሱ አገር የራሱ ህግ ስለሆነ መርከቡ የሚቆምባቸውን ቦታዎች አንድ በአንድ ቼክ አድርጉ። የአውሮፓውን፣ የሜዲትራኒያኑን ክሩዝ የምታስቡ ደሞ በኢትዮጵያ ፓስፖርት ከሆነ ግሪን ካርዱ አያድናችሁም፣ ሸንገን ቪዛ ያስፈልጋል፣ እሱም ወጥቶ መግባት የሚፈቅድ ዓይነት።

አሁን ይሄን ረጋ ብላችሁ አንብቡልኝ። የአሳይለም (የጥገኝነት) ኬዛችሁ ገና ያላለቀ ሰዎች፣ "ያው ባልቲሞር ተነስቶ ባልቲሞር ነው የሚመለሰው፣ ከአገር እንደመውጣት አይቆጠርም" የሚላችሁ ሰው ካለ አትስሙት። ይቆጠራል። መርከቡ ናሶን ከነካ ከአሜሪካ ወጥታችኋል፣ ለመመለስ የመግቢያ ፈቃድ ያስፈልጋችኋል፣ አድቫንስ ፓሮል የሚሉት ቀድሞ በእጃችሁ ካልገባ ኬዛችሁን እንደተዋችሁት ሊቆጠር ይችላል። አሳይለም አግኝታችሁ ግሪን ካርዱን የምትጠብቁም ብትሆኑ የስደተኛ የጉዞ ሰነድ ሳትይዙ አትውጡ፣ ደሴቶቹ ያንን ሰነድ መቀበላቸውንም ቀድማችሁ ጠይቁ። ጠበቃችሁን ሳታናግሩ ዲፖዚት እንዳትከፍሉ። የስንት ዓመት ኬዝ ለሰባት ቀን ሽርሽር አይበላሽም።

ከወረቀቱ ጋር የኛ የሀበሾቹ ልዩ ጣጣ ስም ነው። አምስት ሰው ሆነን ሄደን አራት የተለያየ ላስት ኔም ነበረን፤ የኔ በአባቴ፣ የባለቤቴ በአባቱ፣ የልጆቹ በባለቤቴ ስም፣ የእማዬ ደሞ በአባቷ። ቡክ ያደረገልን ሰው (የጉዞ ወኪል ነው) እናቴ ናት ስለው ሳይጠይቀኝ የኔን ላስት ኔም ሰጥቷት አረፈ። እኔም ኮንፈርሜሽኑ ሲመጣ ዋጋውን ብቻ አይቼ ዘጋሁት። ልንሄድ አስር ቀን ሲቀር ኦንላይን ቼክ ኢን ለማድረግ ፓስፖርቷን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ ፊደል በፊደል ሳስገባ ነው የተያዝነው፣ አይቀበልም። ይባስ ብሎ ግሪን ካርዷ ላይ ላስት ኔም ተብሎ የተጻፈው የአያቷ ስም ነው፣ ፓስፖርቷ ላይ የአባቷ። ሶስት ቀን ስልክ ላይ ተንጠልጥዬ በፓስፖርቷ አስተካከልነው፣ የግሪን ካርዱን ልዩነት ደሞ ወደቡ ላይ አስረዳን፣ አለፈች። እናንተ ግን ቡክ ባደረጋችሁ በዛው ቀን የእያንዳንዱን ሰው ስም ከፓስፖርቱ ጋር አስተያዩ። ልጆቹን አንዱ ወላጅ ብቻ ይዞ የሚሄድ ከሆነ፣ በተለይ እናት ሆናችሁ የልጃችሁ ላስት ኔም ከናንተ ጋር ካልገጠመ፣ የሌላኛውን ወላጅ ፈቃድ በኖተሪ አስደርጋችሁ ያዙ። የፓስፖርቱም ቀን ቢያንስ ስድስት ወር ይቅረው፣ የኢትዮጵያን ፓስፖርት ማሳደስ ጊዜ እንደሚወስድ ታውቃላችሁ።

ጊዜውን በተመለከተ፣ እኛ ነሐሴ የሄድነው ልጆቹ ትምህርት ስለሌላቸው ነው። ነሐሴ ማለት ግን ሁለት ነገር ነው። አንደኛ የሀሪኬን ወቅት፤ ከጁን 1 እስከ ኖቬምበር 30 ነው የሚቆየው፣ የሚብሰው ከኦገስት አጋማሽ በኋላ ነው። መርከቡ አውሎ ንፋስ ውስጥ አይገባም፣ ይሸሻል፣ ስለዚህ የሚያሰጋው መስመሩ መቀየሩ ነው። እኛም ጋ አንዱ ደሴት ላይ ንፋስ ስለነበር መርከቡ መቆም አልቻለም፣ አልፈነው ሄድን፣ ትንሹ ልጄ የውሃ መንሸራተቻውን ለወራት ሲጠብቅ ስለነበር አለቀሰ፣ እኔም በጣም ነው ያዘንኩት። የተመለሰልን የወደቡ ክፍያ ብቻ ነው፣ ውሉ ላይ እንደዛ ነው የተጻፈው። ለልጆች አንድን ቦታ እያነሳችሁ "እዛ እንሄዳለን" አትበሏቸው፣ መርከቡን ቃል ግቡላቸው። ሁለተኛው ፍልሰታ ነው፣ እሱን ወደ ምግቡ ስደርስ።

ከባልቲሞር መነሳት ለኛ ለዲሲ አካባቢ ሰዎች በረከት ነው። ፕሌን የለም፣ ሻንጣ መመዘን የለም፣ መኪናችሁን ወደቡ ላይ አቁማችሁ ትገባላችሁ። ማያሚ ወይ ፎርት ላውደርዴል ሄዳችሁ የምትሳፈሩ ከሆነ ግን በአንድ ቀን ቀድማችሁ ግቡ፣ በዛው ቀን ጠዋት አትብረሩ፣ ፕሌኑ ቢዘገይ መርከቡ አይጠብቃችሁም። ከባልቲሞር የሚነሱት መርከቦች ከማያሚዎቹ ያነሱ ናቸው፣ ምክንያቱም ሁሉም በቼሳፒክ ቤይ ብሪጅ ስር ማለፍ አለባቸው፣ ከውሃው እስከ ድልድዩ ያለው ከፍታ ደሞ 186 ጫማ ነው፣ ወደ 57 ሜትር ገደማ፣ እነዛ እንደ ከተማ የሚያካክሉት መርከቦች አይገቡበትም። ለአረጋዊ ይሄ ራሱ ጥሩ ነው፣ ከካቢን እስከ ምግብ ቤት መንገዱ አጭር ነው።

እንደተነሳን መጀመሪያ ያለፍነው ማርች 26 ቀን 2024 የፈረሰው የኪ ብሪጅ የነበረበትን ቦታ ነው፣ ስድስት ሰራተኞች የሞቱበት። እማዬ ዜናውን ታስታውስ ስለነበር ቆማ አማተበች። ከዛ በኋላ ቤይ ብሪጅ ስር ስንደርስ ሰው ሁሉ ላይኛው ዴክ ላይ ወጥቶ አንጋጦ ነበር። የመርከቡ ጭስ መውጫ ድልድዩን የሚነካው ይመስላል፣ ልጆቹ ጮኹ፣ እማዬ እጄን ጨብጣ "በስመአብ" እያለች ዓይኗን ጨፈነች፣ ከፈተች፣ ድልድዩ ከኋላችን ነው። ያኔ ነው ጉዞው የተጀመረው ለኔ። እና ሲነሳ ካቢናችሁ ውስጥ ልብስ አታስተካክሉ፣ ውጡ።

ከሱ በፊት ግን የአደጋ ጊዜ ልምምዱን ጨርሱ፣ ስትገቡ ወዲያው ነው ማድረግ። አሁን በስልክ አፑ ላይ ቪዲዮ አይታችሁ፣ ከዛ የተመደበላችሁ ቦታ ድረስ ሄዳችሁ ካርዳችሁን ታስነካላችሁ፣ በቃ። በፈረንጁ 2012 ላይ ጣሊያን ዳርቻ ኮስታ ኮንኮርዲያ የምትባለው መርከብ ስትገለበጥ 32 ሰው ነው የሞተው፣ አዲስ የገቡት ተሳፋሪዎች ልምምዱን ገና አላደረጉም ነበር፣ ከዛ በኋላ ነው መርከብ ከመነሳቱ በፊት ወይ እንደተነሳ ወዲያው ይደረግ የተባለው። እማዬን ራሴ እጇን ይዤ ቦታው ድረስ ወሰድኳት፣ የሕይወት ማዳኛ ጃኬቱን አሳየኋት፣ ደረጃውን ቆጠርን። ፍርሃቷ ግማሹ እዛ ቀረ።

የባህር ማዞሩን በተመለከተ ከባልቲሞር ስትነሱ የመጀመሪያዋ ሌሊት አታታላችሁ። ማታውን የምትሄዱት ቼሳፒክ ቤይ ውስጥ ነው፣ እንደ ጣና ጸጥ ያለ ነው፣ "አየሽ ምንም የለውም" ትባባላችሁ። ጠዋት ውቅያኖሱ ውስጥ ገብታችሁ ኖርዝ ካሮላይና ዳርቻ ወዳለው ኬፕ ሃተራስ ስትጠጉ ነው ነገር የሚመጣው። እዛ ጋ ከላይ የሚመጣው ቀዝቃዛ ውሃና ጋልፍ ስትሪም የሚባለው ሞቃት የባህር ጅረት ይገናኛሉ፣ ከድሮ ጀምሮ መርከብ የሚበላ ቦታ ነው፣ የአትላንቲክ መቃብር ይሉታል። የዛሬ መርከብ ማወዛወዝ እንጂ አይሰምጥበትም፣ ግን ሆድ ይገለብጣል። ስለዚህ ካቢን ስትመርጡ ከላይ ያለውንና ከፊት ያለውን ተዉት፣ መሃልና ዝቅ ያለ ዴክ ላይ ያዙ፣ መርከቡ እንደ ሚዛን ስለሆነ ጫፉ ነው የሚነሳና የሚወድቀው። መድሃኒቱን ካዞራችሁ በኋላ ሳይሆን ቀድማችሁ፣ ማታውኑ ውሰዱ። ሜክሊዚን ያለ ሐኪም ትዕዛዝ ይሸጣል፣ ያስተኛል ግን፣ በዕድሜ የገፋ ሰው ላይ ደሞ መንገዳገድና መደነጋገር ሊያመጣ ይችላል። ከጆሮ ኋላ የሚለጠፈውን ስኮፖላሚን ለአረጋዊ ሐኪም ሳታማክሩ አትለጥፉ፣ ግላኮማ ላለበትማ ጭራሽ። ለእማዬ ዶክተሯን ጠይቄ ዝንጅብል ብቻ ነው የሰጠኋት፣ ዝንጅብል ሻይ፣ ደረቅ ብስኩት፣ አረንጓዴ ፖም፣ ከዛ ባልኮኒ ላይ አስቀምጬ ሰማይና ውሃው የሚገናኝበትን መስመር እንድታይ። ስልክ ላይ ያፈጠጠችው ትልቋ ልጄ ናት ያስመለሳት፣ እማዬ ምንም አልሆነችም።

ባልኮኒ ያስፈልጋል ወይ ለምትሉኝ፣ እናታችሁን ከያዛችሁ አዎ። ለኛና ለትንሹ ልጄ መስኮት የሌለው የውስጥ ክፍል ያዝን፣ ርካሽ ነው፣ ለእማዬና ለትልቋ ልጄ ባልኮኒ። እዛች ባልኮኒ ላይ ነው ውዳሴ ማርያሟን የምትደግመው።

ምግብ። ፍልሰታ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ነው፣ በፈረንጁ ከኦገስት 7 ጀምሮ ማለት ነው፣ ጉዟችን እዛው መሃል ላይ ወደቀ። እማዬ መጀመሪያ አልሄድም ብላ ነበር፣ "በጾም ስጋ ቤት ልትወስጂኝ ነው?" ብላ። እኔም ፈርቼ ነበር እውነቱን ለመናገር። ግን እንዲህ ነው የሚሰራው፤ ቡክ ስታደርጉ የምግብ ፍላጎት የሚል ቦታ አለ፣ እዛ ላይ ቪጋን ብላችሁ ጻፉ፣ ቬጀቴሪያን እንዳትሉ፣ ቬጀቴሪያን ካላችሁ ቅቤና እርጎ ይመጣል። በመጀመሪያው እራት ደሞ ዋናውን አስተናጋጅ ጥሩና በአፋችሁ ንገሩት፣ ስጋ የለም፣ ወተት የለም፣ ቅቤ የለም፣ እንቁላል የለም። ከዛ በየማታው የነገውን ሜኑ አምጥቶ ያሳያችኋል፣ ትመርጣላችሁ፣ ለብቻ ይሰራል። ብዙ መርከብ ላይ ከምግብ አብሳዮቹ መሃል ህንዶች አሉ፣ ምስርና ሽምብራ እነሱ ያውቁበታል። የኛ አስተናጋጅ ከኬራላ የመጣ ክርስቲያን ነበር፣ ጾም ላይ ናት ስለው ወዲያው ነው የገባው፣ የነሱም ቤተ ክርስቲያን በነሐሴ የእመቤታችንን ጾም ይጾማል። ከዛ ቀን ጀምሮ "ማሚ" እያለ ምስሩን ራሱ ነው የሚያመጣላት፣ በሶስተኛው ቀን በዘይት የተቁላላ፣ ቃሪያ የበዛበት ምስር አቀረበላት፣ ቀመሰችና ቀና ብላ አየችኝ፣ "ይሄ ልጅ እናቱ አስተምራዋለች" አለችኝ።

በቡፌው ላይ ግን ተጠንቀቁ፣ የአትክልት ሾርባ የሚለው ውስጥ ክሬም ይኖራል፣ ዳቦው ላይ ቅቤ ይቀባል፣ ጠይቁ። ከቤት ስለሚያዝ ምግብ ደሞ፣ ፋብሪካ የታሸገ ደረቅ ነገር ይፈቀዳል፣ ቤት የተሰራ ምግብ ግን በብዛት አያስገቡም። እንጀራውን ተዉት። ቆሎና ዳቦ ቆሎ ከሀበሻ ሱቅ የታሸገውን ግዙ፣ ሚጥሚጣም በታሸገ ትንሽ ብልቃጥ። ደሴቱ ላይ ስትወርዱ ምንም ምግብ ይዛችሁ አትውረዱ፣ ፍራፍሬ በተለይ።

ቡና። ይሄን ቀድማችሁ ለእናታችሁ ንገሯት። መርከብ ላይ እሳት የሚፈሩትን ያህል ምንም አይፈሩም፣ ስለዚህ የኤሌክትሪክ ምድጃ፣ የውሃ ማፍያ፣ ካውያ፣ ሻማ፣ እጣን፣ ሁሉም ክልክል ነው፣ ሻንጣው ሲፈተሽ ይወሰዳል። እማዬ ጀበናውን ልትይዝ አስባ ነበር፣ ለመንናት ተወችው። ሲኒዎቹን ግን ደብቃ በነጠላዋ ጠቅልላ ይዛለች፣ ስድስት ሲኒ። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ወደ ክፍሏ ስንገባ ባልኮኒው ላይ ትንሿን ጠረጴዛ ነጠላ አልብሳ፣ ሲኒዎቹን ደርድራ፣ ትልቋን ልጄን በቴርሞስ ጥቁር ቡና ከቡፌው አስቀድታ ቁጭ ብላለች። የቡፌው ቡና ቀጭን ነው፣ እጣኑም የለም፣ ግን ሶስት ጊዜ ቀዳች፣ አቦል ብላ፣ ቶና ብላ፣ በረካ ብላ፣ ከፊታችን ውሃ ብቻ ነው። የትንሹ ልጄ ስኳር ንፋሱ ወሰደው። ከዛ በኋላ በየቀኑ በአስር ሰዓት ሁላችንም እዛ ነን፣ ገንዳው ውስጥ ያለው ልጅ እንኳን ሰዓቱን አይቶ ይወጣል። ሲኒ ያዙ፣ ሲኒ አይከለከልም።

ገንዘቡን አልዋሻችሁም። ማስታወቂያው ላይ የምታዩት ዋጋ ለአንድ ሰው ነው፣ እሱም ሁለት ሰው በአንድ ካቢን ሲሆን፤ ብቻውን የሚሄድ ሰው እጥፍ ሊጠጋ ይከፍላል። ከዛ ታክስና የወደብ ክፍያ አለ፣ ከዛ ቲፕ አለ። ቲፑ በየቀኑ በሰው ከ16 እስከ 20 ዶላር አካባቢ ይሄዳል፣ ልጆችም ይከፍላሉ፣ አምስት ሰው ለሰባት ቀን ሲሆን ስድስት ሰባት መቶ ዶላር ገደማ ይሆናል፣ ይሄን ከመጀመሪያው ቁጠሩት። አንዳንድ ሰው ቆጣሪው ጋ ሄዶ ቲፑን ያስነሳል ሲሉ ሰምቻለሁ፣ እባካችሁ አታድርጉት። እነዚህ ልጆች ከፊሊፒንስ፣ ከህንድ፣ ከኢንዶኔዥያ መጥተው ስንት ወር ሙሉ ልጆቻቸውን ሳያዩ ነው የሚሰሩት፣ እኛ ከማንም በላይ ይሄ ይገባናል፣ የኛም እህቶች በየአረብ አገሩ እንደዛ ናቸው። የመጠጥ ፓኬጅ የሚሉትን ደሞ በደንብ አስቡበት፣ በብዙዎቹ ኩባንያዎች በአንድ ካቢን ያሉ አዋቂዎች ሁሉ አንድ ላይ ካልገዙ አይሸጡም፣ አንዱ የማይጠጣ ከሆነ ኪሳራ ነው። ውሃ፣ ሻይ፣ ተራ ቡና፣ ጠዋት ጠዋት ጁስ ከዋጋው ውስጥ ነው። ኢንተርኔት ለሁሉም ስልክ አትግዙ፣ ለአንድ ስልክ ገዝታችሁ ተቀያየሩ፣ እርስ በርስ ለመጻጻፍ የመርከቡ አፕ ይበቃል። እና ስልካችሁን ገና ወደቡ ላይ ኤርፕሌን ሞድ አድርጉት፣ የእናታችሁንም ራሳችሁ አድርጉላት፣ ባህር ላይ ያለው ኔትወርክ በሳተላይት ስለሆነ ከአገር ቤት አንድ ስልክ ቢደወልላት የሚመጣው ሂሳብ ያስደነግጣል።

ኢንሹራንስ ላይ አትሰስቱ። መርከቡ ላይ ክሊኒክ አለ፣ ዶክተር አለ፣ ግን የታከማችሁበት ዋጋ ቀጥታ ካርዳችሁ ላይ ነው የሚጫነው። ሜዲኬር (የአሜሪካ መንግስት የአረጋውያን የጤና ኢንሹራንስ) መርከብ ላይ የሚከፍለው መርከቡ አሜሪካ ወደብ ላይ ሲሆን ወይ ከወደቡ ስድስት ሰዓት ባልበለጠ ርቀት ላይ ሲሆን ነው፣ ከዛ ውጪ በራሳችሁ ናችሁ። ከባህር በሄሊኮፕተር ወይ ከደሴት በአምቡላንስ ፕሌን መወሰድ ቢመጣ የሚከፍል ኢንሹራንስ ይኑራችሁ፣ ስኳር ደም ግፊት ያለባቸውን ይዛችሁ ከሆነ የመጀመሪያውን ዲፖዚት ከከፈላችሁ በሁለት ሳምንት ውስጥ ግዙት፣ ዘግይታችሁ ከገዛችሁ የነበረ በሽታን ላይሸፍን ይችላል። መድሃኒቱ በእጅ ቦርሳ ይሁን። ትልቁን ሻንጣ ወደቡ ላይ ይወስዱባችሁና ካቢናችሁ በር ላይ የሚደርሰው ማታ ነው፣ ኢንሱሊን ሻንጣ ውስጥ ካለ እስከዛ ምን ልትሆኑ ነው።

እጅ መታጠብ ደሞ። መርከብ ላይ የሆድ በሽታ የሚያዛምተው ኖሮቫይረስ ነው፣ በየበሩ ያለው የእጅ አልኮል እሱን በደንብ አይገድለውም፣ የሚያስለቅቀው ሳሙናና ውሃ ነው። ልጆቹን "እንደ አያታችሁ" እላቸው ነበር፣ እማዬ እጇን ሳትታጠብ ገበታ ላይ ቀርባ አታውቅም።

ናሶ ላይ ከመርከብ ወርዳችሁ ብዙ ነገር በእግር ነው። የባሃማስ ዶላር ከአሜሪካው አንድ ለአንድ ስለሆነ መመንዘር አያስፈልግም። ጃንካኑ ቢች ቅርብ ነው፣ ልጆቹ እዛ ዋኙ። ስትሮው ማርኬት ውስጥ እንጨት የሚቀርጽ ጸጉሩን የጎነጎነ ራስታ ሰውዬ እማዬን በነጠላዋ ሲያያት ስራውን አቁሞ ተነሳ፣ "ኢትዮጵያ?" አላት። አዎ ስንለው እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ዝቅ አለላት። እሷም እንደ ቤቷ እንግዳ ሶስት ጊዜ ሳመችው።

ከሁሉም ግን የንግስቲቱ ደረጃ። ከወደቡ ሩብ ሰዓት ሃያ ደቂቃ በእግር ነው፣ ሽቅብ ስለሆነ ለአረጋዊ ታክሲ ያዙ። በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በባርነት የተያዙ ሰዎች ከድፍን አለት በእጃቸው ጠርበው ያወጡት ደረጃ ነው፣ 66 ነበር፣ ግራና ቀኙ እንደ ግድግዳ የቆመ አለት። ከስር ሲገባ ቀዝቃዛ ነው፣ ከላይ ያለው ሙቀት አይደርስም። እማዬ ደረጃውን አልወጣችም፣ ታች ቀረችና መዳፏን ግድግዳው ላይ አድርጋ የመጥረቢያውን ጭረት ዳበሰችው። ላሊበላን ሁለት ጊዜ ተሳልማለች። "ያኛውን መላእክት አገዙ፣ እነዚህን ማን አገዛቸው?" አለችኝ። ዝም አልኩ። ቆየት ብላ ጸሎት አደረገች፣ አስጎብኚው ወጣት ኮፍያውን አውልቆ እስክትጨርስ ጠበቀ።

አንድ ነገር፣ መርከቡ የሚነሳበትን ሰዓት በመርከቡ ሰዓት ያዙት፣ አንዳንዴ ከደሴቱ ሰዓት ጋር ይለያያል፣ ስልካችሁን አትመኑት። እኛ አንድ ሰዓት ተኩል ቀድመን ገባን፣ ከባልኮኒው ሆነን የዘገዩት ወደቡ ላይ ሲሮጡ አየን፣ አንዲት እናት ልጇን አዝላ።

የመጨረሻው ማታ ሻንጣችሁን ታግ አስራችሁ ከበሩ ውጪ ታስቀምጣላችሁ፣ ሌሊት ይወስዱታል፣ ጠዋት ወደቡ ላይ ታገኙታላችሁ። የነገ ልብስ፣ ጫማ፣ መድሃኒት፣ ፓስፖርት፣ ግሪን ካርድ፣ የመኪና ቁልፍ በእጃችሁ ይቅር። የባለቤቴ ጫማ ሄዶ በነጠላ ጫማ ነው የወረደው። ሻንጣችሁን ራሳችሁ መጎተት ከቻላችሁ ግን አታስረክቡ፣ ከሁሉም ቀድማችሁ ትወርዳላችሁ።

ጠዋት ባልቲሞር ስንጠጋ እማዬ ሲኒዎቹን አንድ በአንድ እያጠበች ነበር፣ ከስድስቱ አንዱም አልተሰበረም። ነጠላዋ ውስጥ እየጠቀለለች የሚቀጥለው መቼ ነው ብላ ጠየቀችኝ። እንደዛው በነሐሴ ሊሆን ይችላል፣ ልጆቹ ትምህርት የላቸውም አልኳት። ትንሽ አሰበችና "ጳጉሜ ይሁን፣ ፍስክ ነው" አለች። ትምህርት ቤት ተከፍቶ ይሆናል ግን ዋጋው ይቀንሳል፣ እያየሁት ነው።